ወደ ሰባተኛው ጋን የወረደው ሻማ

የምስክር ቃል
የካርትራይት ከተማ ፖሊስ ጣቢያ፣ ኢንዲያና

የምስክሩ ስም፦ ሌሙኤል ስትሮድ
ዕድሜ፦ 59
የጋብቻ ሁኔታ፦ ሚስቱ የሞተችበት
ሥራ፦ በካርትራይት የበቆሎ ፋብሪካ የጥንስስ ክፍል ሠራተኛ
አድራሻ፦ ሲካሞር መንገድ፣ ከሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ ኦክቶበር 17 ቀን 1924፣ ከሰዓት በኋላ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ዊልበር ኬስ

ስሜ ሌሙኤል ስትሮድ ይባላል። ዕድሜዬና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ነው። ማክሰኞ ማታ በዚሁ ጣቢያ ስለ ፍንዳታው ተጠይቄ፣ መሰላል ላይ ስለነበርኩ ምንም አላየሁም ብዬ ፈርሜያለሁ። ያ ቃል ሐሰት ነው። ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ የመጣሁት እሱን ሰርዤ ያየሁትን ለመናገር ነው።

ይህን ስናገር ኢምሬ ሃላስ የሚባለው የሃንጋሪ ሰው ከዚህ ክፍል በስተጀርባ ታስሯል። ሲያስል ይሰማኛል። የታሰረው በፒፓው እሳት ጋን አፈንድቶ ኦርቫል ፕሩትን ገድሏል ተብሎ ነው። ኦርቫል ዛሬ ጧት ተቀብሯል። ከቀብር የተመለሰው ሰው ግን ወደ ቤቱ አልገባም፤ ጣቢያው ፊት ለፊት መንገዱን ሞልቶ ቆሟል። እኔም በመካከላቸው አልፌ ነው የገባሁት። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ሰላም ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። በአንደኛው የጭነት መኪና ላይ የተጠቀለለ አዲስ ገመድ አይቻለሁ። የመከር ወቅት ነው፣ ገመድ ለብዙ ነገር ይፈለጋል ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ነገሩ እንዲገባ ከሥራችን መጀመር አለብኝ። መጠጥ በሕግ ከመከልከሉ በፊት ፋብሪካው ውስኪ ይወጣበት ነበር። እኔና ክሊት ሃርቢሰን ከጎረምሳነታችን ጀምሮ እዚያ ሠርተናል። ክሊት የሟች ባለቤቴ የኮራ ወንድም ሲሆን አሁን የጥንስስ ክፍሉ አለቃ ነው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እየሄድክ ሰኞ ውስኪ መጥመቅ እንዴት ነው የሚሉኝ ነበሩ። እኔም ራሴን ስጠይቅ፣ መልስ ሳላገኝ ሕጉ ወጣና ፋብሪካው ተዘጋ። ኋላ አዲስ ባለቤቶች ገዙት፤ ጥንስሱ ለሚፈላባቸው ቤት የሚያካክሉ ጋኖች የብረት ክዳን አበጁላቸው፤ የቀድሞዎቹን ሠራተኞችም መልሰው ቀጠሩን። አሁን ከበቆሎ የምናወጣው የሚጠጣ ነገር አይደለም። በቆሎው ይፈጫል፤ በእንፋሎት እንደ ቀጭን ገንፎ ይበስላል፤ ሲቀዘቅዝ ዶክተር ሎውዘን፣ ማለት የፋብሪካው ኬሚስት፣ በብልቃጥ ያሳደገው እርሾ ይጨመርበታል። እርሾ እንበለው እንጂ የውስኪው እርሾ ዘመድ አይደለም። በዓይን የማይታይ ነፍስ ያለው ነገር ነው፣ አየር አይወድም፤ ስለዚህ ጋኑ ጥርቅም ተደርጎ ይከደናል። ከጥንስሱ ተጣርቶ የሚወጣው ቡታኖልና አሴቶን የሚባል ፈሳሽ ነው። ቡታኖሉ ወደ መኪና ፋብሪካዎች ይሄዳል፣ ቀለም ቶሎ እንዲደርቅ ያደርጋል። ማንንም የማያሰክር፣ የማንንም ቤት የማያፈርስ ነገር ከበቆሎ ማውጣት ደስ ይለኝ ነበር። ለኮራም "አሁን ገና ንጹሕ ሥራ ያዝኩ" ብያት ነበር። እሷም ደስ ብሏት ነው የሞተችው።

ጥንስስ ሲፈላ ጋዝ ይተፋል። የውስኪውም ይተፋ ነበር። የውስኪው ጋዝ ከባድ ነው፤ ጋኑ ግርጌ ተኝቶ ይጠብቅና የወረደበትን ሰው ድምፅ ሳያሰማ ይገድላል። አንድ ባልደረባችንን እንደዚያ አጥተናል። ከዚያ ወዲህ ጋን ሊያጥብ የሚወርድ ሰው ካለ ከሱ በፊት ሻማ ይወርዳል። ሻማው በእንጨት ቁራጭ ላይ ይተከልና በሲባጎ ቀስ እየተባለ ይለቀቃል። ከጠፋ ሰው አይገባም። ካልጠፋ ይገባል። ይህ እኛ ዘንድ ምግብ ፊት እንደሚደረግ ጸሎት ነው፤ ማንም አይዘለውም። ሻማ ሳያወርድ ሰው የሚያስገባ አለቃ ቢኖር በከተማው ቀና ብሎ አይሄድም።

ዶክተር ሎውዘን ገና ሥራ ስንጀምር ሰብስቦ፣ ይኸኛው ጋዝ ሌላ መሆኑን፣ ግማሽ ያህሉ የሚነድ መሆኑን፣ እሳት እንዳናስጠጋ ነግሮናል። በቀይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ክብሪት በር ላይ ይቀራል። ባዶ ጋን ከመታጠቡ በፊት በእንፋሎት ይጠረጋል፣ ከዚያ በማራገቢያ አየር ይነፋበታል። ደንቡ ይኸው ነው። ራሳችንን ነቅንቀን ሰማነው። ግን እንፋሎቱ ከተነፋ በኋላ ዶክተሩ ዞር ሲል የራሳችንን ሻማ እናወርድ ነበር። በእንፋሎት የተጠረገ ጋን ውስጥ ሻማ ምንም አያደርግም። እንደ በራ ወርዶ እንደ በራ ይወጣል፣ ሰውም ገብቶ በሰላም ይወጣል። እኛም የጠበቀን ሻማው ነው እንል ነበር። አሁን ሳስበው እስከ ማክሰኞ ድረስ የጠበቀን እንፋሎቱ ነው። እኛ ግን ምስጋናውን ለሻማው ስንሰጥ ኖርን።

ማክሰኞ ኦክቶበር 14 ሰባተኛው ጋን ከሸፈ። መነሳት የጀመረው ጥንስስ መሃል ላይ ደከመ፣ ሽታውም ተለወጠ። ዶክተሩ አይቶት "ይኼ አይድንም፣ ድፉት" ብሎ አዘዘና ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ። ግቢው በበቆሎ ጋሪ ተጨናንቆ ነበር። ገበሬው መከሩን አራግፎ መመለስ ይፈልጋል፣ ጋን ካልተለቀቀ ደግሞ የሚራገፍበት ቦታ የለም።

ምሳ የበላነው ግቢው ውስጥ ከበቆሎው ክምር አጠገብ ነው። ኢምሬ እንደ ልማዱ ዳቦውን በአሳማ ጮማና በጥሬ ሽንኩርት ይበላ ነበር። የሱ ሥራ በቆሎውን በአካፋ ወደ ማጓጓዣው መጫን ነው፤ ጋኖቹ ጋ አይወጣም። ጋን የሚያጥበው ወጣቱ ኦርቫል አፍንጫውን ይዞ፦

"አጎቴ ሌም፣ እኔስ ገባኝ! ሰባተኛውን የገደለው የዚህ ሰውዬ ሽንኩርት ነው። እርሾው ሲሸተው ራሱን ሳተ" አለ።

ኢምሬም ማኘኩን ሳያቆም፦

"በቆሎ፣ በቆሎ፣ ሁልጊዜ በቆሎ። እኔም ብሆን እሞት ነበር። በርበሬ ስጡት፣ ዘሎ ይነሳል" አለ።

"በርበሬ ብንሰጠውማ ዲትሮይት የሚሠራው መኪና ሁሉ ቀይ ይሆናል!" አለ ኦርቫል።

"ጥቁር መኪና ሰልችቶናል ይላሉ እኮ" አለ ክሊት፤ ሁላችንም ሳቅን። ይህን የምናገረው በመካከላቸው ምንም ጥል እንዳልነበረ እንዲታወቅ ነው። ኦርቫል ራሱ "የገደለው ይህ ሰውዬ ነው" ብሎ ነበር እየተባለ በከተማው ሲወራ ሰምቻለሁ። የተባለው ይኸው ነው፤ ስለ ጋን ነው፤ በቀልድ ነው።

ኢምሬ ፒፓውን ባዶውን ገልብጦ በጥርሱ ይዞ ነበር። ግቢ ውስጥ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚይዘው፣ አይለኩሰውም። ክብሪቱን ግን በር ላይ ሳያስረክብ በኮቱ ኪስ ይዞ ገብቷል። ይህ ጥፋቱ ነው፣ አልሸፍንለትም። እኔም ክብሪት ነበረኝ። የእኔ ከሻማውና ከሲባጎው ጋር በትንባሆ ቆርቆሮ ውስጥ ከእንፋሎት ቧንቧው ጀርባ ተደብቆ ነው የሚቀመጠው። ቆርቆሮውን ፖሊስ ሆሊስ ከነገርኩት ቦታ አምጥቶት አሁን ጠረጴዛው ላይ ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ክሊት፣ ኦርቫልና እኔ ወደ ሰባተኛው ጋን መድረክ ወጣን። ኦርቫል ቦት ጫማውን አድርጎ ብሩሹን ይዟል። ጥንስሱ ተደፍቶ ዝቃጩ ብቻ ቀርቷል፤ ክዳኑ ተነስቷል። እንፋሎት አልተነፋም፤ ቦይለሩ ሁለት ጋን ሙሉ በቆሎ እያበሰለ ነበርና ኃይል አልነበረውም።

"እንፋሎቱስ?" አለ ኦርቫል።

"እንፋሎቱ በቆሎ እየቀቀለ ነው። አንተን ለመቀቀል የተረፈ የለም" አለው ክሊት።

"ዶክተሩ ቢመጣስ?"

"ቢመጣ ታጥቦ ያገኘዋል። ድሮ እንፋሎት ነበረን እንዴ? ሌም፣ አብራ።"

ሻማውን ያበራሁት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ሳጅኑ ብዕሩን አስቀምጦ፣ ይህን መናገር በራሴ ላይ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ጠይቆኛል፣ ዝም የማለት መብት እንዳለኝም ነግሮኛል። ገብቶኛል። ይጻፍ ብያለሁ።

ለምን እንዳበራሁት ራሴን ሌት ተቀን ጠይቄያለሁ። ክሊትን ፈርቼ ነው? አይደለም፣ እምቢ ብለው ቢሰድበኝ ነው። ቸኩዬ ነው? አልቸኮልኩም። ያበራሁት ኦርቫል ደህና እንዲወጣ ብዬ ነው። ያለ እንፋሎት ከሚገባ ቢያንስ ሻማ ይቅደመው ብዬ ነው። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። በክፋት አድርጌው ቢሆን በምን ንስሐ እንደምገባ አውቅ ነበር። ለሰው አሰብኩ ብዬ ሰው ስገድል ግን እግዚአብሔር ፊት ምን ይዤ እንደምቀርብ አላውቅም።

ሻማውን ለክሊት ሰጠሁትና የውሃውን ቱቦ ላመጣ ወደ መሰላሉ ዞርኩ። አንድ እግሬን መሰላሉ ላይ አድርጌ ወደ ኋላ ተመለከትኩ። ሻማው ገና የጋኑ አፍ ላይ ነበር። እሳቱ ረዘመ። ጫፉ ላይ ሰማያዊ ቆብ የመሰለ ነገር ደፋ። መጥፎ አየር ሲነካው መፍዘዝ ነው የነበረበት፤ እኔ በዕድሜዬ ያየሁት ሲፈዝ ነው። ክሊት ሲባጎውን እያየ ስለነበር አላስተዋለም። ኦርቫል ተንበርክኮ አጎንብሶ ነበር፤ ዞር ብሎ እየሳቀ፦

"አጎቴ፣ ሻማዋ ዛሬ እንዴት ጎበዝ ናት!" አለኝ።

"ክሊት፣ ሳበው!" ማለት እችል ነበር። አፌም ተከፍቶ ነበር። ነፋስ ይሆናል አልኩ በልቤ። ክሊት ሲባጎውን ለቀቅ አደረገ፣ ሻማውም ወረደ።

ከዚያ በኋላ ድምፅ መስማቴን አላስታውስም። ራሴን ያገኘሁት ከመሰላሉ ሥር ወድቄ ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ ተገንጥሎ ሰማይ ይታይ ነበር፣ ከላይ የበቆሎ ገንፎ ይዘንባል። አጥንቴ አልተሰበረም። መነሳት እችል ነበር፤ አልተነሳሁም። ከመሰላሉ ሥር ተኩራምቼ ጭንቅላቴን በክንዴ ሸፈንኩ። እንደገና ይፈነዳል ብዬ ፈራሁ። የክሊትን ጩኸት እየሰማሁ እዚያው ቀረሁ።

በዚህ ጊዜ ኢምሬ ከግቢው በትልቁ በር ሮጦ ሲገባ አየሁት። ከውጭ ነው የመጣው። አካፋው በእጁ፣ ባዶ ፒፓው በጥርሱ ነበር። ሁለቱንም ጥሎ ወደ መድረኩ ወጣ። መጀመሪያ ክሊትን ተሸክሞ አወረደ። ተመልሶ ወጥቶ ኦርቫልን አወረደ። ኦርቫል ነፍስ አልነበረውም። ኢምሬ ኮቱን አውልቆ ፊቱን ሸፈነለት። ሌሎቹ ሠራተኞች ሲደርሱ ያገኙት ይህንን ነው፤ ፊቱ የጠቆረ የሃንጋሪ ሰው ሬሳ አጠገብ ተንበርክኮ፣ ፒፓው ወለሉ ላይ፣ ክብሪቱ ከኮቱ ኪስ ወድቆ።

"ፒፓው ነው" አለ ክሊት ከተኛበት። "የሃንጋሪው ፒፓ ነው።"

ኢምሬ ከሰዎቹ ሁሉ መሃል እኔን ነው የፈለገው። ከመሰላሉ ሥር አየኝና፦

"ሌም፣ ንገራቸው እንጂ" አለኝ።

አልነገርኳቸውም። ያን ማታ እዚህ መጥቼ ምንም አላየሁም አልኩ። ዶክተር ሎውዘንም ተጠይቆ፣ ጋዙ የሚነደው እሳት ሲያገኝ መሆኑን ተናገረ። እሱ ስለ ሻማችን አያውቅም። የሚያውቀው የተገኘውን ፒፓና ክብሪት ነው።

ረቡዕ ወደ ክሊት ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ቬርና በሩን ከፍታ "ግባ ሌም፣ ስምህን ሲጠራ ነው ያደረው" አለችኝ። ክሊት ሁለት እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቅንድብ የለውም።

"ምን አየህ?" አለኝ።

"ሻማውን።"

"ሻማው ምን ሆነ?"

"ረዘመ።"

"ሻማ ይጠፋል እንጂ አይረዝምም! ስንት ዘመን ሙሉ አወረድን፣ አንድ ቀን ሲፈነዳ አይተሃል? እስቲ ንገረኝ፣ አይተሃል?"

"አላየሁም። ግን ያ ውስኪ ነበር፣ ክሊት።"

"ጥንስስ ጥንስስ ነው!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። እንባውን በእጁ መጥረግ ስላልቻለ ቬርና በሽርጧ ጠረገችለት። እኔም ተነስቼ ቆምኩ እንጂ የምይዘው እጅ አልነበረውም።

ይህን የምናገረው ላዋርደው አይደለም። ክሊት አይዋሽም። ሻማው ያንን ሊያደርግ እንደማይችል ከልቡ ያምናል። እንደ ልጁ የሚወደውን ኦርቫልን በገዛ እጁ፣ ለጥበቃ ባወረደው ሻማ ገደለው ብሎ ማመን አይችልም። እያወቀ ቢዋሽ አንድ ቀን ልቡ ይመለሳል ብዬ በጠበቅሁ። አምኖ የሚናገርን ሰው ግን ምን ልበለው?

ቬርና እስከ በር ሸኘችኝ።

"ሌም፣ ኮራ ብትኖር ወንድሟን ለገመድ ትሰጠው ነበር?"

"አሁን ገመዱ የተዘጋጀው ለኢምሬ ነው" አልኳት።

"እሱ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። አገሩም እዚህ አይደለም" አለች። ወዲያው የተናገረችው ራሷን አስደንግጧት አፏን በእጇ ያዘች።

ሐሙስ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ መኪና ደጄ ቆመ። መጤ ሰው ከሚጠላው የምሥጢር ማኅበር የሆኑ ሦስት ሰዎች ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ፊታቸውን በነጭ ጭንብል ሸፍነው ወደ በረንዳዬ ወጡ። አንዱ "ነገ ከቀብር በኋላ ቤትህ ተቀመጥ፣ ወንድም ስትሮድ። ለአንተ ነው የምንለው" አለኝ። ወንድም የምንባባለው በቤተ ክርስቲያን ነው። ድምፁን አውቄዋለሁ። እሑድ እሑድ የመባውን ሳህን የሚያዞረው ሰው ድምፅ ነው። ሳጅኑ ስሙን ጠይቆኛል። ለዳኛ እናገራለሁ፤ እዚህ አልናገርም። ለሱ ብዬ አይደለም፣ ፈርቼ ነው።

ከሄዱ በኋላ ጨለማ ውስጥ ተቀመጥኩ። ከማክሰኞ ወዲህ ክብሪት መጫር አልቻልኩም። ፋኖሴ አልበራም፣ ምድጃዬም ቀዝቃዛ ነው። ልጸልይ ተንበረከክሁ። እግዚአብሔር ሆይ፣ ሌላ ሰው ይናገር ብዬ ጸለይኩ። ዶክተሩ ይድረስበት፣ ክሊት ይመለስ፣ ኢምሬ ያምልጥ፣ ብቻ እኔ አልሁን አልኩ። የሰማኝ አልመሰለኝም። እኔ ራሴም ልሰማው አፍሬ ነበር።

ዛሬ ጧት መቃብሩ ጋ የኦርቫል እናት ወይዘሮ ፕሩት እጄን ያዘችኝ።

"ሌም፣ አብረኸው ነበርክ አሉኝ። ልጄ ፈርቶ ነበር?"

"አልፈራም። እየሳቀ ነበር" አልኳት።

"ተባረክ" አለችኝ። እጄን ሳመችው። ሻማውን ያበራሁበትን እጅ ነው የሳመችው። ከማክሰኞ ጀምሮ ከክሊት ቤት ውጭ ከአፌ የወጣው እውነት እሱ ብቻ ነበር፣ እሱንም ግማሹን ነው የሰጠኋት። ቤትህ ተቀመጥ ተብዬ ነበር። እግሬ ግን ከመቃብሩ በር ወደ ሲካሞር መንገድ አልታጠፈልኝም፤ ወደዚህ መጣሁ።

ስለዚህ ቃሌ ይህ ነው። በማክሰኞው ፍንዳታ ሰዓት ኢምሬ ሃላስ በመድረኩ ላይም ሆነ በጥንስስ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ፒፓው አልበራም። ሰባተኛው ጋን በእንፋሎት አልተጠረገም። ወደ ጋኑ የገባው እሳት አንድ ብቻ ነው፤ ሻማ ነው። ያበራሁት እኔ፣ ያወረደው ክሊት ሃርቢሰን ነው። ሁለታችንም ኦርቫልን ልንጎዳ አላሰብንም። ኢምሬ ግን ምንም አላደረገም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር እኔ ተደብቄ ሳለሁ እሳት ውስጥ መግባቱ ነው።

ሳጅኑ በጀርባ በር ሊያስወጣኝ እንደሚችል ነግሮኛል። እኔ ግን ይህን ቃል ለቆሙት ሰዎች ራሴ እንዳነብላቸው ጠይቄያለሁ። ፖሊስ ቢያነብላቸው በሃንጋሪው ወገን ተገዝቶ ነው ይላሉ። እኔን ያውቁኛል፣ ልጆቻቸውን በሰንበት ትምህርት ቤት አስተምሬያለሁ። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። ሳጅኑም ደህንነቴን ማረጋገጥ እንደማይችል በግልጽ ነግሮኛል። ቆሜ ማንበብ ካቃተኝ ወንበር እንዲሰጠኝ እለምናለሁ።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ ከእኔ አፍ የወጣ ነው፤ ሳጅኑ አንብቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ የምጨምረውም የምቀንሰውም የለኝም። ማንም አላስገደደኝም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሌሙኤል ስትሮድ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ዊልበር ኬስ

ከቃሉ ጋር የተያያዘ የሳጅኑ ማስታወሻ፦

ምስክሩ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ወረቀቱን ይዞ በጣቢያው ደረጃ ላይ ቆመ። ወንበር ወጥቶለት ነበር፣ አልተቀመጠም። ቀስ ብሎ እንዲያነብ ነግሬዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝም። ማንበብ እንደ ጀመረ ፖሊስ ሆሊስ እስረኛውን በጀርባ በር አውጥቶ በበቆሎ ጋሪ ሸራ ሥር ሸፍኖ ወደ ባቡር ጣቢያ ወሰደው፤ ወደ አውራጃው ወኅኒ እንዲሻገር ነው።

ሕዝቡ መጀመሪያ አዳመጠው። ሻማው ጋ ሲደርስ ጩኸት ተነሳ። "አንተ ሽማግሌ፣ ተሸጠሃል!" ያለ አለ፤ "ተዉት፣ ይጨርስ!" ያለም አለ። ድንጋይ ተወርውሮ ትከሻውን መታው። ወረቀቱን በሌላው እጁ ያዘና ከቆመበት ቀጠለ። አንዳንዱ ሰው ከዳር ከዳር መሄድ ጀመረ፣ ባለ ገመዱ መኪና ግን አልተንቀሳቀሰም።

ፊርማው ላይ ሲደርስ እስረኛውን የሚወስደው ባቡር ገና አልጮኸም ነበር። ምስክሩ ጊዜ እንደምፈልግ ሳይገባው አልቀረም፣ ዞሮ አየኝ። ገና ነው የሚል ፊት አሳየሁት። ወረቀቱን ገልብጦ "ስሜ ሌሙኤል ስትሮድ ይባላል" ብሎ እንደገና ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረ። በዚህ መካከል ወይዘሮ ፕሩት ከቤቷ ደርሳ በሰው መሃል አልፋ ደረጃው ሥር ቆመች፤ የመጀመሪያውን ንባብ አልሰማችም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ባቡሩ ጮኸና ሄደ። እስረኛው ወጥቷል፣ እንዲያቆም በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ምስክሩ ምልክቱን አይቷል። ወይዘሮ ፕሩት ግን ቀና ብላ እያየችው ስለነበር እስከ መጨረሻው አነበበላት።